በቡና አልጋ ላይ ልናደርቃት የሞከርናት አውስትራሊያ

ሰፊ ላስቲክ በችኮላ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ አለ። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ንፋስ ሲገባበት እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ባለፈው ወር ስለ መንገድ ጥገና ልዘግብ ቴፒ ሄጄ፣ አንድ የቡና ማድረቂያ ግቢ በር ላይ ቀጠሮ የሰጠኝን ኃላፊ እየጠበቅኩ ሳለ ሰማዩ በሚዛን ከተማ በኩል ጠቆረ። ሠራተኞቹ "ሸፍኑ! ሸፍኑ!" እየተባባሉ ወደ አልጋዎቹ ሮጡ። አልጋ የምንለው፣ ልንገርህ፣ በእንጨት እግር ላይ የተዘረጋ ረጅም የቀርከሃ ርብራብ ነው። ቡና የሚሰጣው እሱ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይጎተትበታል።

ኃላፊው አልመጣም። ቆርቆሮ ጥግ ተጠልዬ የእርጥብ አፈርና የሞቀ ላስቲክ ሽታ ሲደርሰኝ ንዴት ያዘኝ። በሰውየው የተናደድኩ መሰለኝ። ግን በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ቀጥሮኝ ቀርቷል፤ አንዱም እንዲህ ደሜን አላፈላውም። ንዴቱ የቆየ ነው። የስምንተኛ ክፍል ንዴት ነው።

የጂኦግራፊ መምህራችን ከጎጃም በኩል የተመደበ፣ ቀጭን፣ ዓመቱን ሙሉ ጫማው የማይደርቅለት ሰው ነበር። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ እኛ የደረስንበት ግን ምስጥና እርጥበት ከበሉት በኋላ ነው። አፍሪካ የለችም። አውሮፓ ግማሽ ናት። ሳትነካ የተረፈችው በስተቀኝ የታችኛው ጥግ ላይ ያለችው አውስትራሊያ ብቻ ነበረች። መምህሩ በተረፈው አስተማረ። ስለዚህ እኛ የቴፒ ልጆች ጎረቤታችን ስለሆነችው ሱዳን የማናውቀውን ያህል ስለ አውስትራሊያ እናውቅ ነበር።

ስለ ድርቅ ሲያስተምረን ትዝ ይለኛል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን እየዋጠበት፣ ጋብ እስኪል ጠመኔውን ይዞ ይቆማል፤ ሲያባራ "መሃሏ በረሃ ነው" ብሎ ይቀጥላል። አንዱ ልጅ እጁን አወጣ።

"መምህር፣ ታዲያ ሰዎቹ የት ይኖራሉ?"

"ዳር ዳሩን።"

"መሃሉስ?"

"ባዶ ነው ማለት ይቻላል።"

"ታዲያ ለምን አይጠሩንም!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው ከዚያ እንደሆነ ሲነግረንም የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ በጣም ተቆጣ። "የእኛን ግቢ ባህር ዛፍማ አያቴ ነው የተከለው! ምስክር አለኝ!"

አጠገቤ የምትቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ አልሳቀችም። ብዙ አትስቅም ነበር። ቤታቸው የሚናገሩት ሸኮኛ ነው፤ አማርኛ የተማረችው ከገበያና ከትምህርት ቤት ነው። የኔ ወላጆች ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ስለነበሩ እኔ አማርኛን የወረስኩት እንጂ የተማርኩት አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ይህ ልዩነት መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። መምህሩ ካንጋሮ ልጇን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ይዛ እንደምትዘል ሲያስረዳ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ስትሮጥ ልጁ ቢወድቅባትስ?"

"አይወድቅም። ከረጢቱ ይጠብቃል።"

"ብትጥለውስ?"

"አትጥልም አልኩሽ። እናት ናት።"

ኋላ፣ ካደግኩ በኋላ፣ አነበብኩ። አሳዳጅ ሲደርስባት ከረጢቱን ታላላዋለች፤ ልጁ ይወድቃል፤ እሷ ታመልጣለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ይሆናል። መምህሩ የዋሸ አይመስለኝም። ያልተጻፈለትን ነገር በግምት ሞላው፤ እኔም በሥራዬ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበቡ። ትምህርት ቤቶች ስለ አንድ ሩቅ አገር መልክዓ ምድርና አራዊት በሞዴል ያሳያሉ፤ ከማሻ፣ ከዞኑ፣ ሰዎች መጥተው ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ሥራ ከአስረጂ ተማሪው ጋር አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። መምህራችን ገና ማስታወቂያው ሳያልቅ ወደ እኛ ዞረ። የትኛው አገር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

የመጀመሪያዋን አውስትራሊያ የሠራነው ከመምህራን ማረፊያ ጀርባ፣ መሬት ላይ ነው። ተራሮቹን በምሥራቅ ደረደርን፤ በመሃል ቀይ አፈር አለበስን፤ ቀይ ቋጥኝ እንዲሆን የሸክላ ጡብ ስባሪ አቆምን። ምሳ በልተን ስንመለስ ዘነበ። መምህሩ ጃንጥላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ። አንዱ ልጅ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ መጣ።

"መምህር! አውስትራሊያ ሽንት ቤት ገባች!"

ከፍ ባለ ቦታ ደግመን ሠራናት፤ ታጠበች። ቦይ ቆፈርንላት፤ የርዕሰ መምህሩ ዶሮዎች ገብተው ምዕራቡን በሙሉ ጫሩት። ክፍል ውስጥ እንዳንሠራት ጣሪያው ያፈሳል። መምህሩ አንድ ቀን ጭቃውን እያየ፣ ለእኛ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ "በዚህ አገር ላይ ደረቅ የሚባል ነገር የለም?" አለ።

"የአባቴ አልጋ አለ" አለችው የጎረቤታችን ልጅ።

ልክ ነበረች። በእኛ ከተማ ደርቆ መቆየት ያለበት ነገር ቡና ብቻ ነው፤ የሚደርቅበትም ዘዴ አለው። ለቀማ ካለቀ ስለቆየ አልጋው ባዶ ነበር። አባቷ አጭር፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ እሷና እኔ ሄደን ስንጠይቀው አልጋውንና እኛን ሁለቱን ሴት ልጆች አፈራርቆ አየ።

"አፈር? አልጋ ላይ?"

"አባባ፣ አፈር አይደለም፤ አገር ናት።"

"የማን አገር?"

"የፈረንጅ።"

"ታዲያ እነሱ ራሳቸው አያደርቋትም?"

ፈቀደ። ከመፍቀድም አልፎ በርብራቡ ላይ ጆንያ አነጠፈልን፤ የተቀደደውን ላስቲክ በሌላ ለወጠልን። አፈሩን ያመጣነው ከሩቅ አይደለም። እዚያው አልጋው ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት፣ የላመ፣ በደንብ የደረቀ ቀይ አፈር ነበር። በዘንቢል እያፈስን ዘረጋነው። መምህሩ በመዳፉ እያሻሸ "ይኼ ነው በረሃ!" ሲል ጥርሱን ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው።

አራዊቱን የሠራችው እሷ ናት። ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥታ፣ ጣቷን በምራቋ እያራሰች። ካንጋሮ አይታ አታውቅም፤ መምህሩ ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ ያሳየን ሥዕል ደብዛዛ ነበር። የጎደለውን ከምታውቀው ሞላችው። ስለዚህ ካንጋሮዎቹ እንደ ድኩላ ጆሮ ነበራቸው፤ ባህር ዛፍ ላይ የምትንጠለጠለዋ እንስሳ ደግሞ ፊቷ የጉሬዛ ነበር። እንቁላል የምትጥለውን፣ ጡትም የምታጠባውን፣ አፏ የዳክዬ የሆነችውን ስትሠራ ረጅሙ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። "መምህር ተሳስቶ ነው። ወይ ዳክዬ ናት፣ ወይ አይደለችም።"

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት የአባቷን ሳቅ ሰማን። ሰውዬው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሮጠን ስንወጣ ላስቲኩን በአንድ እጁ ገልጦ ይዞ፣ በሌላው ሆዱን ይዞ ቆሟል። ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል። በአውስትራሊያ በረሃ መሃል፣ ቋጥኙን ከብበው፣ ቀጫጭን አረንጓዴ ግንዶች በቅለዋል። እያንዳንዱ ፍሬውን እንደ ቆብ አናቱ ላይ ተሸክሟል።

ቡና ነበር።

"በረሃ ነው አላችሁኝ" አለን ትንፋሽ እያጠረው። "ችግኝ ጣቢያ ነው እኮ የከፈታችሁት!"

የቴፒ ልጅ ሊሳሳተው የማይገባ ስህተት ነው፤ ሌላ አገር ልጅም ሊሳሳተው አይችልም። ለቀማው ወቅት ሙሉ ከርብራቡ እየሾለከ የወደቀው ቡና የሚጠራቀመው አልጋው ሥር ነው። እኛ ዘሩን ከነአፈሩ አፍሰን፣ በላስቲክ ሸፍነን፣ አሞቅነው። ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ስናስቀር ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት አስቀረንለት። ካየነው በኋላ ነገሩ ለሁላችንም ገባን፤ መምህሩ ብቻ "ከየት መጣ? ከየት መጣ?" ይላል።

አፈሩን እንዳንቀይር ጊዜ አልነበረም፤ ከዞኑ የሚመጡት ሰዎች እየደረሱ ነው ተባለ። ስለዚህ መንቀል ጀመርን። ዛሬ የነቀልነው ነገ በሌላ ቦታ ይወጣል። ጎህ ሲቀድ ሄጄ ስደርስ እሷ ቀድማኝ አልጋው ላይ ተደፍታ ትለቅማለች። ከትምህርት ቤት መልስም እንዲሁ። እኔ ሰልችቶኝ ነበር።

"ተይው በቃ። አንዳንድ ሣር በረሃም ላይ ይበቅላል በይ" አልኳት።

"ካልተመረጥን አልሄድም" አለች።

"አዲስ አበባ ምን አለሽ?"

መንቀሏን አላቆመችም። "እናቴ አለች።"

እናቷ፣ እሷ ትንሽ ሳለች፣ ጥላቸው እንደሄደች ሰፈሩ ያውቃል፤ የት እንደሄደች ግን አይወራም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ነጋዴ መርካቶ ውስጥ፣ የእኛ አገር ኮረሪማና እርድ በሚሸጥበት መደዳ፣ እንዳየቻት ለአባቷ ነግራው ነበር። እሷ ከጓዳ ሆና ሰማች። አባቷ አንድም ቀን አላነሳላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

"ካየኋት አውቃታለሁ" አለችኝ። "እሷ ባታውቀኝም፣ እኔ እነግራታለሁ።"

ከዚያ ቀን በኋላ እኔንም አልሰለቸኝም።

ሰዎቹ ግንቦት ላይ በጭቃ የተለሰነ መኪና ይዘው መጡ። ከጌጫ ወዲህ መንገዱ አሠቃይቷቸው ዘግይተው ነበር፤ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቤት ምሳ በሉ። ጠዋት አልጋው ንጹሕ ነበር፤ በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። አባቷ ላስቲኩን ሲገልጠው ግን እንፋሎቱ ተነሣ፤ ቋጥኙ አጠገብ አንዲት ቡና፣ እስከ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቆቧን አድርጋ ቆማለች።

ከመጡት አንዱ፣ ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ፣ ሳቀ። "በረሃው ለምቷል እኮ!"

እሷ አልደነገጠችም። "ይኼ የእኛ ነው" ብላ ነቀለችውና ጀመረች። ተራሮቹን፣ ነፋሱ እርጥበቱን የት እንደሚጥል፣ መሃሉ ለምን እንደሚደርቅ፣ ሰዎቹ ለምን ዳር ዳሩን እንደሰፈሩ። እንስሳቱን አንድ በአንድ። አንድም ቦታ አልቆመችም። ባለ ጃንጥላው ሊያጠምዳት ጠየቀ።

"ካንጋሮ አንበሳ ሲያጋጥማት ምን ታደርጋለች?"

"አያጋጥማትም። አንበሳ እዚያ የለም።"

ሁሉም አጨበጨቡ። ባለ ጃንጥላውም አጨበጨበ። መምህሩ ፊቱን ወደ ጓሮው አዙሮ መነጽሩን ሲጠርግ አየሁት። አለቀ አልኩ። ሄደች አልኩ።

ዝናብ ጀመረና ሰዎቹ ጣሪያው ሥር ተጠለሉ። እኔ ከግድግዳው ማዶ የጭቃ እንስሳቱን ካርቶን ውስጥ እያስገባሁ ነበር። የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ቃል በቃል ባይሆን፣ በፍሬ ነገሩ ለመማል እደፍራለሁ።

"ሥራው ይለፍ። ጥሩ ነው።"

"ልጅቷም ጎበዝ ናት።"

"ጎበዝ ናት። ግን ይኼንን አማርኛ ይዛ አዲስ አበባ ትቅረብ? ይስቁባታል።" ይህ ባለ ጃንጥላው ነው። "ያቺኛዋስ፣ የነጋዴው ልጅ? አንደበቷ ንጹሕ ነው።"

መምህሩ "ሥራው እኮ የእሷ ነው" አለ።

"ሥራውን ማን ወሰደባት? ስሟ ይጻፋል። ለልጅቷም አዝነን ነው።"

መምህሩ ደግሞ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡን ብቻ ሰማሁ።

እሷ አልጋው አጠገብ ነበረች። አባቷ ላስቲኩን አንድ ጫፍ ይዟል፤ እሷ ሌላውን። ሲነገራት ላስቲኩን መጎተቷን ቀጠለች። አባቷ በሸኮኛ አንድ ነገር አላት። እኔ ሸኮኛ አልሰማም። እናቷን ፍለጋ መሄድ እንደፈለገች አባቷ ያውቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቀው፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አልጋው አጠገብ ዝናቡ እየወረደበት ቆሞ እንደቀረ ነው።

ቤቴ ገብቼ አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። ማታ መጥታ ከበር ላይ ጠራችኝ።

"ሂጂ" አለችኝ። "አንቺ ካልሄድሽ ማን ያይልኛል?" ከዚያ የእናቷን መልክ ነገረችኝ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ቁመቷ ረጅም ነው። ስትናገር አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ምን ልበላት ስላት ብዙ አሰበች። "ደህና ነች በያት" አለችኝ።

እኔና መምህሩ ጅማ አድረን አዲስ አበባ ገባን። አፈሩን በአውቶቡስ መጫን ስለማይቻል አውስትራሊያ በካርቶን ላይ ተሥላ ሄደች፤ የሄዱት የጭቃ እንስሳቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በደረቀ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልለው ግማሾቹ ተሰበሩ። በሰሌዳው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ተጽፎ ነበር። የእሷ አልተጻፈም። እኔ በንጹሕ አንደበቴ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ካንጋሮ ተናገርኩ። አንድ የአዲስ አበባ ተማሪ በጣም በትህትና ጠየቀኝ።

"ቴፒ የት ነው? ሱዳን ውስጥ ነው?"

ጓደኛው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ወዳለችው አውስትራሊያ እየጠቆመ፣ "ከዚህኛው ይቀርባል?"

የእናቷን ነገር ነግሬው፣ በየቀኑ መምህሩን መርካቶ እንሂድ እለው ነበር። በየቀኑ ሰሌዳው አጠገብ ሰው መቆም አለበት፣ ሲያልቅ እወስድሻለሁ ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ቃሉን ጠበቀ፤ እጄን ይዞ፣ መንገድ እየጠየቀ፣ እየተሳሳተ፣ ታክሲ እየቀየረ ወሰደኝ። የቅመም መደዳው ስንደርስ በሩ በሙሉ ተቆልፏል። እሁድ ነበር። ሽታው ግን በተዘጉት በሮች ሥር ይወጣ ነበር። አንድ ዘበኛ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

"ከቴፒ የመጣች፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ታውቃለህ?" አለው መምህሩ።

"ከዚያ የመጣ ሰው ብዙ ነው፣ ጋሼ። ነገ ኑ፤ ነገ ሁሉም አለ።"

አውቶቡሳችን ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የሚወጣው። መምህሩ በአንዱ በር ላይ በመዳፉ መታ። ማንም አልከፈተም። እንደገና መታ። ዘበኛው "የለም እኮ አልኩህ" አለው። መምህሩ እጁን ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ሳይዞር "እንሂድ" አለ።

ያቺን እሁድ በሥራዬ ላይ ብዙ ጊዜ አስታውሻታለሁ። መርካቶ የቅመም መደዳው ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሥራ ቀን። ጠይቄአለሁ። የተነገረኝ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ አልጽፈውም። ጓደኛዬም የት እንዳለች በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ሸዋ ቤንች አግብታለች የሚሉ አሉ፣ ዲማ ናት የሚሉም አሉ። የሰጡኝ ስልክ አይሠራም።

የማውቀውን ብቻ ልንገርህ። ቴፒ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። መናኸሪያው ጭቃ ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ ቆማ አየኋት፤ የኮባ ቅጠል ራሷ ላይ አድርጋ፣ ከብዙ ሰዓት ጀምሮ የጠበቀች ትመስላለች። ገና ሳልናገር ከፊቴ አነበበችው።

"ተዘግቶ ነበር" አልኳት። "እሁድ ስለሆነ። የቅመሙ ሽታ ብቻ ነው የነበረው።"

"እህ" አለች።

ሰዎች ዕቃቸውን ከጣሪያ እያወረዱ ይጮኻሉ። መምህሩ ከኋላዬ መጥቶ ሊያናግራት ፈለገ፤ ስሟን ጠርቶ ቆመ፤ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። እኛ ሁለታችን ቀረን።

"ሹራብሽን አውልቂልኝ" አለችኝ።

በርዷት መስሎኝ ሰጠኋት። አልለበሰችውም። በሁለት እጇ ጠቅልላ ፊቷን ቀበረችበትና ዝም ብላ ተነፈሰች።

"ናፍጣ ነው የሚሸተው" አልኳት። "የመኪና ጭስ ብቻ ነው።"

"ዝም በይ" አለችኝ ከሹራቡ ውስጥ። "ቆይ፣ ዝም በይ።"